ቤታችሁ ወረቀት ላይ ሲወደድ፦ የንብረት ግብር ዳግም ግምትን ማንበብና መከራከር

ፖስታው ይመጣል። ትከፍቱታላችሁ። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። «ቤታችን እዚህ ደረሰ እንዴ?» ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ ድንጋጤ። ደስታው ወዲያው ይበናል፤ ቤቱን ልትሸጡት አላሰባችሁማ። የሚቀረው ድንጋጤው ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይወሽቀዋል፣ ወይ ስልክ ደውሎ «ይህን ሁሉ ግብር ከየት አምጥቼ ልክፈል?» ብሎ ይቆጣል። መሳቢያው ቀነ ገደቡን ይበላዋል። ቁጣው ደግሞ የሚያርፈው በማይመለከተው ሰው ላይ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ገማች የቤቱን ዋጋ ይገምታል እንጂ ግብሩን አይቆርጥም። ግብሩን የሚቆርጡት ምክር ቤቶች ናቸው፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስብሰባ።

በግብሩ መናደድ መብት ነው። ሊያስቀንስ የሚችለው ግን ግምቱን ይዞ የሚሟገት ሰው ነው። «በዛብኝ» ለሚል ይግባኙን የሚሰማው ቦርድ ከማዘን በቀር የሚያደርገው የለም። «ቤቴ 165 ካሬ ተብሎ ተመዝግቧል፣ እውነቱ 140 ነው» ለሚል ግን መልስ መስጠት ግዴታው ነው።

ወረቀቱን ስታነቡ

በብዙ ቦታ የሚመጣው የግምት ማስታወቂያ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም። ራሱ ወረቀቱ «ይህ ሂሳብ አይደለም» ይላል። ሂሳቡ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። «ሂሳቡ ይምጣና እከራከራለሁ» ይላል። ሂሳቡ ሲመጣ በሩ ተዘግቷል።

ጀርመን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። እዚያ የግብሩ መነሻ የነበረው የንብረት ዋጋ በምዕራቡ ክፍል የ1964፣ በምሥራቁ ክፍል የ1935 ነበር (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2018 ይህ እኩልነትን ይጥሳል አለ። አዲሱ ስሌት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ባለቤቱ ጋ በየደረጃው የተለያዩ ውሳኔዎች ይደርሱታል፤ መጀመሪያ የንብረቱ ዋጋ፣ መጨረሻ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ግብር። ዋጋው ስህተት ነው የሚል ሰው መቃወም ያለበት የመጀመሪያውን ውሳኔ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አንድ ወር ብቻ። የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት ሲጠብቅ የቆየ ሰው «ዋጋው እኮ ያኔ ጸድቋል» ይባላል።

ስለዚህ ከትልቁ ቁጥር በፊት ሁለት ቀኖችን ፈልጉ። አንዱ የይግባኙ ቀነ ገደብ ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ 45 ቀን ነው። በቴክሳስ ግንቦት 15 ወይም ማስታወቂያው ከተላከ በኋላ 30 ቀን፣ ከሁለቱ የዘገየው። ቆጠራው በአብዛኛው የሚጀምረው ወረቀቱ ላይ ከታተመው ወይም ከተላከበት ቀን ነው። ፖስታውን የከፈታችሁበትን ቀን ማንም አይጠይቃችሁም።

ሁለተኛው ቀን ብዙ ሰው ጭራሽ የማያስተውለው ነው፤ ግምቱ የተሠራበት ቀን። መሥሪያ ቤቱ «ቤቱ ዛሬ ስንት ያወጣል?» ብሎ አይጠይቅም። «በዚያ ቀን ስንት ያወጣ ነበር?» ነው ጥያቄው። እንግሊዝ አገር ይህ ቀን ሚያዝያ 1 ቀን 1991 ነው። እስከ ዛሬ! በ2015 የተሠራ ቤት ሳይቀር በ1991 ቢሸጥ ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ነው ግብሩ የሚሰላበት የዋጋ መደብ የሚወጣለት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሕግ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮም ግምቱ በጥር 1 ቀን 2016 ላይ ቆሞ ዓመታት አልፈዋል። ከግምቱ ቀን በኋላ ገበያው ቢወድቅ ወይም ጎረቤት በርካሽ ቢሸጥ ለክርክራችሁ ላይጠቅም ይችላል። ቀኑን ሳያውቁ ማስረጃ መሰብሰብ ድካም ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ የቤቱ ሙሉ ዋጋ አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን ቤት የሚመዘገበው በገበያ ዋጋው ግማሽ ነው። ቺካጎ በምትገኝበት ኩክ ካውንቲ የመኖሪያ ቤት የሚመዘገበው በ10 በመቶ ነው። እንበል 280,000 ያወጣል ብላችሁ የምታስቡት ቤት 150,000 ተብሎ መጣ። «ጎሽ፣ ዝቅ አድርገውልኛል» ብላችሁ ወረቀቱን አስቀመጣችሁ። በግማሽ በሚመዘግብ ቦታ ግን ያ ቁጥር ቤታችሁን 300,000 ነው እያለ ነው። ከፍ ተደርጎ ተገምቶባችሁ ሳለ ደስ ብሏችሁ ተኛችሁ ማለት ነው።

ግምቱ ስለጨመረ ግብሩ በዚያው ልክ ይጨምራል?

የግድ አይደለም። መቶ ቤቶች ያሉባት አንዲት ትንሽ ከተማ እናስብ። እያንዳንዱ ቤት 100,000 ተገምቷል፤ ድምሩ 10 ሚሊዮን። ከተማዋ በዓመት 200,000 ያስፈልጋታል። የግብር ምጣኔው 2 በመቶ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቤት 2,000 ይከፍላል።

አሁን ዳግም ግምት ተደረገና ሁሉም ቤት 200,000 ሆነ። ከተማዋ የሚያስፈልጋት ገንዘብ ካልተለወጠ ምጣኔው ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ሁሉም ያው 2,000 ነው የሚከፍለው። ማንም አልተጎዳም።

ግን የ99ኙ ቤት 200,000 ሆኖ የእናንተ ብቻ 300,000 ቢሆንስ? ምጣኔው ከ1 በመቶ በጥቂቱ ያንሳል፤ የእናንተ ግብር 2,985 አካባቢ ይደርሳል። የጎረቤቶቻችሁ እንዲያውም በ10 ገደማ ይቀንሳል። ጉዳቱን የሚያመጣው የቁጥሩ ማደግ ሳይሆን ከሌላው በልጦ ማደጉ ነው።

እውነተኛው ዓለም እንደዚች ከተማ ንጹሕ አይደለም። ግምቱ ሲያድግ ምጣኔውን ሳይቀንሱ ዝም ብለው ተጨማሪውን የሚሰበስቡ ምክር ቤቶች ሞልተዋል። ያ ሲሆን ደግሞ ጩኸቱ መሄድ ያለበት ወደ በጀት ስብሰባው ነው። ገማቹ ጋ ይዛችሁት ብትሄዱ ቆጣሪ አንባቢውን በመብራት ታሪፍ እንደመሳደብ ነው።

ማንም ሳይመጣ ቤቴ እንዴት ተገመተ?

«ማን ገብቶ አየና?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም፦ ምናልባት ማንም። ገማች መሥሪያ ቤት በአንድ ዙር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ይገምታል። የየቤቱን ሳሎን እየዞረ ማየት አይችልም። ስለዚህ የጅምላ ግመታ ይሠራል። በአካባቢው የተሸጡ ቤቶችን ይሰበስባል፤ ስፋት፣ የተሠራበት ዓመት፣ የመታጠቢያ ቤት ብዛት፣ ጋራዥ፣ የቦታው ስፋት ዋጋውን በምን ያህል እንደሚቀይሩት በኮምፒውተር ያሰላል። ከዚያ የእናንተን ቤት መረጃ በዚያ ስሌት ውስጥ ያስገባል።

ለአካባቢው በአማካይ ሲታይ ስሌቱ ብዙ ጊዜ መጥፎ አይደለም። ችግሩ እናንተ አማካይ ውስጥ አትኖሩም። ኮምፒውተሩ መሠረቱ መሰንጠቁን አላየም። ዝናብ ሲጥል ቤዝመንቱ ውኃ እንደሚቋጥር አያውቅም። የመኝታ ቤቱ መስኮት ከአውራ ጎዳናው ጋር ፊት ለፊት መሆኑን ላይመዘግብ ይችላል። የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው።

ስህተቱ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። በ2017 ቺካጎ ትሪቡን ጋዜጣ ስለ ኩክ ካውንቲ ባወጣው ምርመራ ርካሽ ቤቶች ከዋጋቸው አንጻር ከፍ ተደርገው፣ ውድ ቤቶች ደግሞ ዝቅ ተደርገው እንደሚገመቱ አሳየ። ይግባኙ ነገሩን ያስተካክላል ቢባልም አባሰው፤ ምክንያቱም በብዛት ይግባኝ የሚሉት የደህና ሰፈር ሰዎች ነበሩ። የካውንቲው ዋና ገማች በቀጣዩ ዓመት የፓርቲያቸው ምርጫ ላይ ተሸነፉ። ይህን የማነሳው «ይግባኝ የሀብታም ነገር ነው» እያሉ ለሚተዉት ነው። በግምቱ የበለጠ የመጎዳት ዕድል ያለው ባለ ትንሽ ቤቱ ነው።

መጀመሪያ ካርዱን አውጡ

ከሁሉ በፊት የሚደረግ ነገር ቢኖር ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለ ቤታችሁ የያዘውን የመዝገብ ካርድ አስወጡ። በብዙ ቦታ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ካልሆነ ጠይቃችሁ ይሰጣችኋል። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ።

ካሬው ትክክል ነው? ሁለት መታጠቢያ ቤት ይላል፣ አንድ ነው ያለው? ያላለቀው ቤዝመንት ያለቀ ተብሎ ተጽፏል? የፈረሰው ጋራዥ አሁንም አለ? የቤቱ ሁኔታ «ጥሩ» ተብሎ ነው ወይ የተሞላው? የጎረቤታችሁ ማስፋፊያ በእናንተ ስም ገብቶ ይሆን? እንዲህ ዓይነት ስህተት ይገጥማል። የምዝገባ ስህተት ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። ሜትሩ ይናገራል።

ቁጥሩን እንየው። ቤቱ 165 ካሬ ተብሎ 330,000 ተገምቷል፤ በካሬ 2,000 ገደማ ማለት ነው። ትክክለኛው ስፋት 140 ከሆነ በዚሁ ሂሳብ 280,000 ይሆናል። ስሌቱ እንዲህ ቀጥታ ላይሄድ ይችላል፣ ግን መነሻ ይሰጣችኋል። የ50,000 ልዩነት በ1.2 በመቶ ምጣኔ በዓመት 600 ነው። እንደ ሜሪላንድ በየሦስት ዓመቱ በሚገመትበት ቦታ ከሆነ በአንድ ዙር 1,800። ለአንድ ከሰዓት ሥራ አይከፋም።

ካርዱ ሌላ ጉድም ሊያሳያችሁ ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት የጨመራችሁት መታጠቢያ ቤት አልተመዘገበም እንበል። ይግባኝ ብላችሁ ገማቹን ቤታችሁ ድረስ ከጋበዛችሁት ያየዋል። በእንግሊዝ ደግሞ አቤቱታ ያቀረበ ሰው መደቡ ዝቅ እንደሚል ሁሉ ከፍም ሊል ይችላል፤ አልፎ ተርፎ የጎረቤቶቹም አብሮ ሊነካ ይችላል። ጎረቤት የሚያኮርፈው በትንሽ ነገር ነው፤ ይሄማ ትልቅ ነው። በእናንተ አካባቢ ቦርዱ ግምቱን መጨመር ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የተሸጡ ቤቶችን ማነጻጸር

ካርዱ ትክክል ሆኖ ዋጋው ግን የተጋነነ ከመሰላችሁ ተነጻጻሪ ሽያጮችን ፈልጉ። ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል። ቅርብ ሰፈር፣ ተቀራራቢ ስፋትና ዕድሜ፣ ለግምቱ ቀን የቀረበ ሽያጭ። ለሽያጭ ወጥቶ ገና ያልተሸጠ ቤት አይቆጠርም፤ ያ የሻጩ ምኞት ነው። አባት ለልጁ በርካሽ የሸጠው፣ ባንክ በዕዳ ወስዶ በሐራጅ ያወጣው ቤትም ደካማ ማስረጃ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የቤት ዋጋ የሚገምት ድረ ገጽ? እሱም ያው ሌላ የጅምላ ግምት ነው። አንዱን ኮምፒውተር በሌላ ኮምፒውተር መክሰስ ቦርዱን አያሳምንም።

ቤቶቹ መቼም አንድ ዓይነት አይሆኑም። ስለዚህ ማስተካከያ ይደረጋል። ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። የሚስተካከለው የተሸጠው ቤት ነው፤ የእናንተው ቤት አይነካም። አንዱ ቤት 300,000 ተሸጠ፣ እናንተ የሌላችሁ ጋራዥ አለው። ጋራዥ በሰፈሩ 20,000 የሚያስጨምር ከሆነ ትቀንሳላችሁ፤ 280,000። ሌላው 270,000 ተሸጠ፣ ግን ከእናንተ አንድ መታጠቢያ ቤት ያንሰዋል። 12,000 ትጨምራላችሁ፤ 282,000። ሦስተኛው መንትያችሁ ነው፣ 285,000። እንግዲህ 330,000 ከተባላችሁ ቦርዱ ፊት የምትሉት ዓረፍተ ነገር ተገኘ፦ «ሦስት ተመሳሳይ ቤቶች ልዩነታቸው ሲስተካከል ከ280,000 እስከ 285,000 ያወጣሉ፤ የእኔ 282,000 እንዲሆን እጠይቃለሁ።»

ለጉዳት ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ስንጥቅ በፎቶ ትንሽም ትልቅም ይመስላል። ከኮንትራክተር የጥገና ፕሮፎርማ አያይዙበት። ቤቱን በቅርቡ ገበያ ላይ ገዝታችሁት ከሆነ የሽያጭ ውሉ ከምንም በላይ ይናገራል። በባለሙያ ማስገመትም ይቻላል፤ የሚቆጥበው ግብር የባለሙያውን ክፍያ ካልሸፈነ ግን ትርፉ ለባለሙያው ነው።

«ጎረቤቴ ያነሰ ይከፍላል» የሚለውስ?

ይህን ሳልሰማ የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መልሱ እንደ ቦታው ነው። በካሊፎርኒያ ብዙ አያስኬድም። በ1978 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ መሠረት መሠረታዊው ምጣኔ በ1 በመቶ ተገድቧል፤ የተመዘገበው ዋጋም ቤቱ ካልተሸጠ ወይም አዲስ ግንባታ ካልታከለበት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። ከ30 ዓመት በፊት የገዙት ጎረቤትና አምና የገባችሁት እናንተ ቤታችሁ መንትያ ቢሆንም ግብራችሁ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ፍትሐዊ ነው ወይ ቢባል እኔ አይመስለኝም፤ ግን ቦርዱ የሚቀይረው ነገር አይደለም። ሚሺጋንም ዓመታዊ ጭማሪው ገደብ አለው፤ ቤቱ ሲሸጥ በቀጣዩ ዓመት ገደቡ ይነሳል። ቤት ስትገዙ የሻጩን የግብር ደረሰኝ አይታችሁ «ቀላል ነው» ካላችሁ፣ አትቸኩሉ።

ቴክሳስ ግን ሌላ በር አላት። ዋጋው ትክክል ቢሆን እንኳ ከተመሳሳይ ቤቶች ግምት ጋር ሲነጻጸር የእናንተ ከፍ ብሎ ከሆነ በእኩልነት መከራከር ትችላላችሁ። እዚያም ቢሆን የሚነጻጸረው ግምት ከግምት ነው። ጎረቤት የሚከፍለው ግብር በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት የተቀነሰለት ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዴን፦ ቅናሹ ለእናንተም ይገባ ይሆናል። በራሱ ቤት ለሚኖር፣ ለአረጋዊ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ለቀድሞ ወታደር የሚሰጥ ቅናሽ በብዙ ቦታ አለ። ከይግባኙ የተለየ ነው፣ ክርክርም አይጠይቅም። ግን ብዙውን ጊዜ ያልጠየቀ አያገኝም። ሜሪላንድ ውስጥ ለምሳሌ በቤቱ የሚኖር ሰው የግምቱ ጭማሪ እንዲገደብለት አንድ ጊዜ ማመልከቻ መሙላት አለበት። ሳይሞሉ ዓመታት የሚያልፍባቸው አሉ።

ሂደቱና ወጪው

አብዛኛው ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ከገማቹ ጋር መነጋገር፣ ከዚያ ቦርድ፣ ካልተስማማችሁ ልዩ ችሎት ወይም ፍርድ ቤት። የመጀመሪያውን ደረጃ አትናቁት። ካርዱ ላይ ያለ ግልጽ ስህተት እዚያው በስልክና በኢሜይል ሊያልቅ ይችላል። ገማቹም ሰው ነው፤ በትሕትና ፋይል ይዞ የመጣን ሰው መርዳት ይቀለዋል። ሆኖም ንግግሩ እየቀጠለ ቀነ ገደቡ እንዳያልፍ ማመልከቻውን አስገብታችሁ ተነጋገሩ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ቀን አያራዝምም።

ቦርዱ ፊት የሚሰጣችሁ ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። የምትጠይቁትን ቁጥር መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ምክንያቱን። የሥራ ማጣት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመንገዱ መበላሸት፤ እውነት ቢሆኑም የቤቱን ዋጋ አይለውጡም፣ ጊዜውን ግን ይበሉታል።

ይግባኝ ላይ ነኝ ብሎ ክፍያ ማቆም በብዙ ቦታ ቅጣትና ወለድ ያመጣል። ከፍላችሁ ተከራከሩ፤ ከረታችሁ ትርፉ ይመለሳል ወይም ለቀጣዩ ይያዝላችኋል። ቤቱ በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነና ግብሩን ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያችሁ እያጠራቀመ የሚከፍል ከሆነ ጭማሪው ዘግይቶ ነው የሚሰማችሁ። አንድ ቀን ወርሃዊው ክፍያ ከፍ ይላል፣ ሰው ባንኩን ይወቅሳል። ምክንያቱ ከወራት በፊት መሳቢያ የገባው ወረቀት ነው።

«እኛ እንከራከርላችሁ» የሚሉ ድርጅቶችም ደብዳቤ ይልካሉ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን በደንብ ያውቃሉ፤ ከተቆጠበው ግብር ላይ ድርሻ ይወስዳሉ። ድርሻው ለአንድ ዓመት ነው ወይስ በየዓመቱ የሚለውን ሳታነቡ አትፈርሙ። የመንግሥት ደብዳቤ መስሎ መጥቶ፣ በነጻ ለሚሞላ ቅጽ ገንዘብ የሚጠይቅም አለ። የካርዱን ስህተት ለማሳረም መቼም አማላጅ አያስፈልግም።

ከረታችሁ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። የተስተካከለውን ካርድ ቅጂ ውሰዱና አስቀምጡ። ቦርዱ የዚያን ዓመት ዋጋ ቀንሶ፣ መዝገቡ ላይ ያለው 165 ካሬ ግን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በቀጣዩ ዙር ኮምፒውተሩ የሚያነበው እሱኑ ነው።